በየሰዉ ልክ የሚሰጥ የሰራተኛ ስልጠና፦ ማርቆስ ላይ አሰጥተን ያየነው

ለሚቸኩል ሰው ውጤቱን መጀመሪያ ልናገር፣ ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻቸዋለሁ፣ አንዷን ለምን እንደቀነስኩ ከታች አለላችሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ መካከለኛ ሆቴል ነው የማስተዳድረው፣ አልጋ፣ ሬስቶራንት፣ ካፌና አንድ የስብሰባ አዳራሽ አለን፣ ሰራተኛው ወደ ሰላሳ ይሆናል። ከባህር ዳር የሚመጡ ሁለት አሰልጣኞች፣ አንድ ወንድ አንዲት ሴት፣ ለሰራተኞቻችን በጅምላ ሳይሆን በየሰዉ ልክ ስልጠና ሰጥተውናል። የድርጅታቸውን ስም እዚህ አልጠራም፣ ጠርቼ ደሞ ተከፍሎት ነው እንዳትሉኝ፣ የምር የሚፈልግ በውስጥ ይጠይቀኝ።

የጅምላውን ስልጠና መቼም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አዳራሽ ይከፈታል፣ ፕሮጀክተር ይበራል፣ ግማሹ እንግሊዝኛ የሆነ ፓወርፖይንት ይመጣል፣ ከዛ ሻይ ቡና፣ ከዛ ደሞ ፓወርፖይንት፣ መጨረሻ ላይ ሰርተፍኬትና የጋራ ፎቶ። እኛም አሰጥተናል፣ ርዕሱ "ከስተመር ሃንድሊንግ" ነበር። ላውንደሪ የምትሰራዋ ልጅ የእንግዳ ፊት አይታ አታውቅም፣ ውሎዋ ከአንሶላና ከፎጣ ጋር ነው፣ እሷም እንግዳን በፈገግታ ስለመቀበል ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብላ ስትማር ዋለች። የሌሊት ጥበቃዎቹ ቆመው አድረው ጠዋት ለስላሳ ወንበር ሲያገኙ ምን እንዳረጉ አልነግራችሁም። ሪሴፕሽኒስቷ ደሞ በሆቴል ማኔጅመንት ተመርቃ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ወስዳ የመጣች ልጅ ናት፣ ስላይዱን ከአሰልጣኙ በላይ ታውቀዋለች፣ ስልኳን ስትነካካ ዋለች። ማግስቱን ሁሉም ወደነበረበት። ሰርተፍኬቱ ግን ቆንጆ ነበር፣ ወፍራም ወረቀት።

እነዚህኞቹ አዳራሹን ክፈቱልን አላሉም። ጭራሽ ምንም ሳያስተምሩ ካፌው ጥግ ላይ ማኪያቶ አዘው ዝም ብለው ያያሉ። ጠዋት መንገደኛው መጥቶ ሁሉም ባንዴ ቁርስ ሲል አስተናጋጁ የት የት እንደሚሄድ፣ ኩሽና ውስጥ ማን ማንን እንደሚጠራ፣ ማታ ፈረቃ ሲቀየር ሂሳብ እንዴት እንደሚረከቡ ይፅፋሉ። ባለቤቱ እንደውም "እነዚህ ሰዎች ማኪያቶ ሊጠጡ ነው እንዴ የመጡት" ብሎኝ ነበር። ለኔ ግን ከሁሉም የወደድኩት ይሄንን ነው፣ ምክንያቱም እኔ ቢሮ ተቀምጬ የስልጠና ፍላጎት ብዬ የፃፍኩላቸውን ዝርዝር ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት እንጂ አላስተማሩበትም።

ቀጥለው አንድ ባንድ ማናገር ጀመሩ፣ ነገሩ የከበደውም እዚህ ላይ ነው። እኛ ሀገር ሰውን ለብቻው አስቀምጠህ ስራህ ላይ ምን ይከብድሃል ስትለው ግምገማ ነው የሚመስለው፣ ግምገማ ደሞ በምን እንደሚያልቅ ሁሉም ያውቃል። በተለይ አዳዲሶቹ አስተናጋጆች፣ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ በ1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የስራ ቀን ነው፣ እነሱ ገና እዛ ውስጥ ናቸው፣ ድክመታቸውን በራሳቸው አፍ ቢናገሩ መሰናበቻቸውን በገዛ እጃቸው የፃፉ ነው የሚመስላቸው። እና የሁሉም መልስ አንድ ሆነ፣ "ምንም ችግር የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።" ሴቷ አሰልጣኝ መጣችና "እርስዎ እዚህ እስካሉ ማንም ምንም አይነግረን፣ ገበያም ቢሆን ይውጡልን" አለችኝ። ከነከነኝ፣ ግን ወጣሁ። ደሞ ያ ብቻ አይደለም፣ በዚህ ስልጠና የሚገኝ መረጃ ለደሞዝም ለቅጣትም ለስንብትም አይውልም የሚል አንድ ገፅ ወረቀት አዘጋጅተው ባለቤቱን አስፈረሙትና ለሰራተኛው አነበቡለት። ከዛ በኋላ ነው ሰው አፉን የፈታው። በየሰዉ ልክ ስልጠና እንሰጣለን የሚሉ ሌሎችም አሉ፣ ይቺን ወረቀት ካላዘጋጁ ግን የሚሰበስቡት መልስ ሁሉ "እግዚአብሔር ይመስገን" ነው የሚሆነው።

አሁን ወደ ካሸሯ ልምጣ፣ ምክንያቱም የስልጠናው ዋጋ የገባኝ በሷ ነው። ቴሌብር ግንቦት 2013 ላይ ከመጣ ወዲህ ጥሬ ብር የሚይዝ እንግዳ እየቀነሰ ነው፣ ያው ከባንኮቹ አፕ ጋር ተደምሮ ግማሽ ሂሳባችን በስልክ ነው የሚገባው። ችግሩ ደሞ አብሮ መጣ፣ ሰውየው በልቶ ጠጥቶ ይመጣና "ልኬያለሁ" ብሎ ስልኩን ያሳያል፣ ስክሪንሾቱ የተነካካ ነው ወይ የሌላ ቀን ነው፣ ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ብሩ የለም። ልጅቷ ይሄን በተደጋጋሚ ከደሞዟ ከፍላለች። እኛ "ማረጋገጥ አትችልም፣ አሰልጥኑልን" ነበር ያልነው። አሰልጣኞቹ ሲያዩዋት ግን ማረጋገጥ አሳምራ ታውቃለች፣ የሆቴሉ ስልክ ላይ የሚገባውን መልዕክት ከፍታ የግብይት ቁጥሩን ማመሳከር እንዳለባት ከኔ በላይ ታስረዳለች። የያዛት ይሉኝታ ነው። ኮት የለበሰ ትልቅ ሰው ፊቷ ቆሞ ስልኩን ሲያሳያት "ይቆዩኝ፣ እኛ ጋ እስኪገባ ልይ" ማለት ሌባ ነህ ብሎ እንደመስደብ ነው የምትቆጥረው። ልጅቷ የደጀን ገጠር ልጅ ናት፣ ለትልቅ ሰው ከመቀመጫዋ ተነስታ ነው ያደገችው።

እና ያስተማሯት የቴሌብር አጠቃቀም አይደለም፣ አፍ ነው ያስፈቷት። ወንዱ አሰልጣኝ ኮቱን ለብሶ የተቆጣ ጋሼ ሆነ፣ መቀበያው ጋ ቆሞ "አንቺ ልጅ፣ እኔን ነው የምትጠረጥሪው?" እያለ ይጮሃል፣ እሷ ትመልሳለች። መጀመሪያ ላይ ትስቃለች፣ ከዛ ድምፅዋ ይጠፋል፣ ከዛ ደሞ ይቅርታ መጠየቅ ታበዛለች፣ እሱም ያስቆማትና ሴቷ የምትለውን ታሳያታለች። መጨረሻ ላይ የፀናው ንግግር ይሄ ነው፣ "ጋሼ፣ የርስዎ ወጥቷል፣ እኛ ጋ እስኪደርስ ኔትወርኩ ትንሽ ይዘገያል፣ እስከዛ ቁጭ ይበሉልኝ።" ማንንም አይጠረጥርም፣ ጥፋቱን ኔትወርኩ ላይ ይጥላል፣ ሰውየውን ደሞ ያስቀምጠዋል፣ የላከ ሰው ይቀመጣል፣ ያልላከ ሰው ስልክ ሊያነጋግር መስሎ ሊወጣ ሲል ጥበቃው ያየዋል። አሁን ስትናገረው ብትሰሟት ሀያ አመት የሰራች ትመስላለች። ይሄን በአዳራሽ ለሰላሳ ሰው ብታስተምረው ሀያ ዘጠኙ ምን አገባው።

ወጥ ቤታችን እትየ ደሞ ሌላ ታሪክ ናት። በደርግ ጊዜ በመሰረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረች ናት፣ ታነባለች፣ መፃፉ ግን ያደክማታል፣ ስለዚህ ከስቶር ዕቃ ስታወጣ መጠየቂያውን አትሞላም፣ "በኋላ ይፅፉታል" ብላ ትወስዳለች። ቅቤና በርበሬ በየወሩ ይጎድላል፣ ባለቤቱም እጇ ሰፊ ነው ብሎ ነበር የሚጠረጥረው፣ እሷ ደሞ "እኔ በአይኔ ነው የምለካ" ስትል ጥርጣሬው ይብስበታል። አሰልጣኞቹ ከምሳ በኋላ ኩሽናው በሚቀዘቅዝበት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሄደው ሚዛን አስቀመጡና "እትየ፣ ለአንድ ሽሮ የሚያስፈልገውን ቅቤ እንደልማድሽ አውጭ" አሏት። ቀዳች፣ መዘኑ። እንደገና ቀዳች፣ መዘኑ። ልዩነቱ የሻይ ማንኪያ ጫፍ አይሞላም። ያቺ ሴት ሚዛን ናት በቃ! የሚጎድለው እሷ ጋ ሳይሆን ስቶሩ ጋ ነው፣ ሳይፃፍ የሚወጣው የሷ ብቻ ስላልነበረ ማን ምን እንደወሰደ አይታወቅም። መፍትሄውን ስነግራችሁ ቀላል ይመስላል፣ የዕቃዎቹ ስም ቀድሞ የታተመበት ወረቀት ሰሩላት፣ እሷ ቁጥር ብቻ ነው የምትፅፈው፣ አጠቃቀሙን እዛው ምድጃዋ አጠገብ ሽንኩርት እየከተፈች አለማመዷት። ወረቀቱን አሁን ሁሉም ይሞላዋል፣ የማይሞላ ሰው ሲመጣ እትየ ራሷ ናት የምትቆጣው።

ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች የስራ ማሻሻያ ዘዴ ሀገራችን መጥቶ ኢንስቲትዩቱ በ2004 ከተቋቋመ ወዲህ "ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማፅዳት" እያለ የሚቀጥለውን አምስቱን ማዎች ግድግዳ ላይ ያልለጠፈ መስሪያ ቤት ያለ አይመስለኝም፣ እኛም ኩሽና ውስጥ ለጥፈናል፣ በጭስ ጠቁሯል። ሀሳቡን አልጠላም። ግን ያን የለጠፈልን ሰው እትየን ምን ይከብድሻል ብሎ አልጠየቃትም።

ሌሎቹን ባጭሩ ልለፋቸው። እንግሊዝኛን በሁለት ከፈሉት፣ ጭራሽ ለማያውቁት ክፍል ቁጥር፣ ሰዓት፣ ፎጣ፣ ሙቅ ውሃ ምናምን፣ ለሚያውቁት ደሞ የስልክ ንግግር፣ በተለይ ከኤንጂኦዎች የሚመጣ የአዳራሽ ቦታ ማስያዝ ላይ። ላውንደሪዋ የጠየቀችው የኬሚካል ነገር ነው፣ በረኪናና የዝገት ማስለቀቂያ አሲድ መደባለቅ መርዛማ ጋዝ እንደሚያወጣ ማንም አልነገራትም ነበር፣ ሳል እንዳለባት ሁላችንም እንሰማ ነበር እኮ። እሷ ከአሰልጣኟ ጋር ጀሪካኑ ላይ ምልክት ለጥፋ ለየብቻ አስቀመጠች፣ ያለቀው ደሞ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ነው።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር፣ ሁለት ሰራተኛ ምንም ስልጠና አያስፈልገውም ብለው ፃፉ። አንደኛው የቀን ጥበቃችን አያ ናቸው፣ እንደውም እንግዳ ሲገባ እንዴት ሻንጣ እንደሚቀበሉና ባለመኪናውን እንዴት እንደሚያስተናግዱ አይተው አዳዲሶቹን አስተናጋጆች እሳቸው ያስተምሩ አሏቸው። አያ በወጣትነታቸው ዋሸራ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው፣ አሰራሩን ሲያዩ "ይሄማ የኔታ ዘንድ ያየነው ነው" አሉ፣ እውነትም ቅኔ ቤት አንዱ ገና ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፣ ሌላው መወድስ ደርሷል፣ ግቢው አንድ ነው ግን የኔታ የሁሉንም ለየብቻ ነው የሚሰሙት፣ የቀደመው ተማሪ ደሞ የኋለኛውን ያስቀፅላል። ጎጃም ተቀምጠን ይሄን ነገር እንደ አዲስ ግኝት ከፍለን መግዛታችን ትንሽ አስቆኛል።

ሌላው የወደድኩት፣ የስልጠና ያልሆነውን ችግር ስልጠና ነው ብለው አልሸጡልንም። አንዱ አስተናጋጅ ዘገምተኛ ነው ተብሎ ስሙ የጠፋ ልጅ ነው፣ ሲከታተሉት ትዕዛዝ የሚያትመው ፕሪንተር ካፌው ማዶ ስለሆነ ለእያንዳንዷ ቡና ያን ሁሉ ደርሶ መልስ ነው የሚሄደው፣ ሌሎቹ በቃል ጮኸው ያዛሉ፣ እሱ ደሞ ደንቡን ስለሚያከብር ይዘገያል። "ይሄ ልጅ አይሰልጥን፣ ፕሪንተሩን አንሱት" አሉን። አነሳነው፣ አለቀ። ሌላ ድርጅት ቢሆን "የጊዜ አጠቃቀም" የሚል ስልጠና ከነአበሉ ያስከፍለን ነበር።

ወንዱን አሰልጣኝ ይሄን አካሄድ ከየት አመጣችሁት ብዬ ጠይቄው ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሳለልኝ። በፈረንጆቹ 1961 ማክጊ እና ታየር የሚባሉ አሜሪካኖች ስልጠና ከመሰጠቱ በፊት በሶስት በኩል እዩ ብለዋል አለኝ፣ ድርጅቱ የቱ ጋ ነው ስልጠና የሚፈልገው፣ ስራው ራሱ ምን ይጠይቃል፣ ከሰራተኞቹ ደሞ ማን ምን ጎድሎታል። እኛ ጋ ሶስተኛዋ ናት ሁሌ የምትዘለለው። መለኪያውን ደሞ ዶናልድ ኪርክፓትሪክ የሚባል ሰውዬ 1959 ላይ በአራት ከፍሎታል፣ ሰልጣኙ ወደደው ወይ፣ ገባው ወይ፣ ስራው ላይ አዋለው ወይ፣ ድርጅቱ ምን አገኘ። የአዳራሹ ስልጠና መጨረሻ ላይ የምትሞሉት "ስልጠናው እንዴት ነበር" የሚለው ፎርም የመጀመሪያዋ ላይ ቆሞ የቀረ ነው፣ ምሳው ጥሩ ከነበረ ሁሉም "በጣም ጥሩ" ላይ ያከብባል። እነዚህ ከወር በኋላ ተመልሰው መጥተው የስቶር ወረቀቱን አገላበጡ፣ የካሸሯን የማታ ሂሳብ አመሳከሩ፣ ካፌው ጥግ ላይ እንደገና ቁጭ አሉ። ባለቤቱ በዚህኛው ላይ ማኪያቶውን ራሱ ነው የጋበዛቸው።

አሁን ኮከቧ። መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ሰው "በማየት ነው፣ በመስማት ነው ወይስ በመዳሰስ ነው የምትማረው" የሚል ረጅም መጠይቅ አስሞሉ፣ ውጤቱንም በቀለም ከፋፍለው አመጡልን። ይሄ ነገር ቆንጆ ይመስላል፣ ግን 2008 ላይ (በፈረንጆቹ) የአሜሪካ የስነልቦና ምሁራን ጥናቶቹን ሰብስበው ሲያዩ ሰውን እንዲህ መድቦ በየምድቡ ማስተማር የተሻለ ውጤት እንደሚያመጣ በቂ ማስረጃ አላገኙም። ሰውየው የማያውቀውንና የሚከብደውን ማወቅ ሌላ፣ በአይኑ ነው በጆሮው ብሎ መመደብ ሌላ። እትየ ደሞ መጠይቁ ሲነበብላት "እኔ በመቅመስ ነው" ብላ ገላገለችን። ለዛ መጠይቅ የጠፋው ጊዜ ግን በኛ ሂሳብ ነው።

ሁለተኛው የባሰ ነው። የእያንዳንዱ ሰው የግል ዕቅድ፣ ምን እንደሚጎድለው ጭምር የተፃፈበት ፋይል፣ በስህተት የሰራተኞች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተላከ። ቶሎ አጥፍተውታል፣ ግን ሰው አይቶታል፣ አንዷ አስተናጋጅ "ሂሳብ መደመር ላይ ድጋፍ ያስፈልጋታል" የሚለው ተይዞባት ሲቀልዱባት ሰነበቱ፣ ልጅቷ ስራ ልትለቅ ምንም አልቀራትም ነበር። ይቅርታ ጠይቀዋል፣ በአካል መጥተው፣ እሱን አልክድም። ግን ሰውን ለብቻው አናግረህ ምስጢሩን ከሰማህ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር ከአዳራሹ እንቅልፍ በላይ ይጎዳል፣ አዳራሽ ውስጥ ቢያንስ ማንም አይዋረድም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ለአዳራሹ ከከፈልነው በሲሶ ያህል ይበልጣል፣ የመጓጓዣና የአልጋቸውም በኛ ነው (አልጋ መቼም አለን)። በሌላ በኩል ስራ አላቆምንም፣ ሁሉም በየፈረቃው መሀል ነው የሰለጠነው፣ አዳራሹንም በዛ ሰሞን ለስብሰባ አከራይተነዋል፣ ስለዚህ ቁጭ ብላችሁ ካሰባችሁት ብዙም አልተጎዳንም። የሰርተፍኬት ነገር ደሞ አልሰጡም፣ ሰራተኛው በዚህ አኩርፏል፣ እኔም ትንሽ ቅር ብሎኛል፣ ነገ ሌላ ቦታ ሲቀጠር የሚያሳየው ነገር ይፈልጋል እኮ ሰው።

ለማን ይሆናል ካላችሁ፣ አምስት ስድስት ሰራተኛ ያለው ካፌ ከሆነ ገንዘባችሁን አታውጡ፣ ባለቤቱ ራሱ ሳይቆጣ ቁጭ ብሎ ቢጠይቅ ያገኘዋል። ሁሉም ሰው እኩል ማወቅ ያለበት ነገር ከሆነም፣ የእሳት አደጋ ምናምን፣ በጅምላ አሰጡት፣ ለሱ አዳራሹ ይበቃል። ሰራተኛው በዛ ብሎ ስራው የተለያየ ከሆነ ግን፣ ሆቴል፣ ጋራዥ፣ የጅምላ መጋዘን፣ ክሊኒክ፣ ይሄኛው ያዋጣችኋል፣ ስራ አስኪያጁ ግን የስልጠናው ማግስት ጀምሮ መከታተል አለበት፣ ምክንያቱም የስቶር ወረቀቱ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሊረሳ ደርሶ ነበር፣ እኔ በየማታው ስጠይቅ ነው የቆመው።

ከተማሪዎች ምርቃት በፊት ለአዲስ አስተናጋጆች እንደገና ልናመጣቸው ተነጋግረናል። በዚህኛው ውል ላይ የማየት የመስማቱ መጠይቅ ወጥቷል፣ የግል ዕቅዱ በወረቀት ብቻ ለራሱ ለሰራተኛው በእጁ ይሰጣል የሚል አንቀፅ ገብቷል፣ ለሰርተፍኬቱም የሰለጠነበት ነገር በስሙ ተዘርዝሮ እንዲፃፍለት ጠይቀናል፣ እሺ ብለዋል።